ከጭንቅላት የሚወገዱ

«የእትዬ ፋይል ጭንቅላት እኮ ሞልቷል» አለ ኃላፊው ከኮምፔንሳቶው ግድግዳ ማዶ። «ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ፋይል ሲታጨቅበት የኖረ ጭንቅላት ነው። አሁን አዲስ ነገር ልክተትላቸው ብትል በየት በኩል ይገባል? ይልቅ አንድ ጠረጴዛና ወንበር በር ላይ አዘጋጁላቸው፤ የእንግዳ ስም ይመዝግቡ።»

ሰውየው ሲሰድባት እንኳ አንቱታውን አልረሳም። እትዬ ፋይል ገና መግባቷ ነበርና አንድ እጇ ከኮቷ እጅጌ ሳይወጣ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ሌላ ሰው ቢሆን ወይ በሩን በርግዶ ይገባና ልኩን ይነግረዋል፣ ወይ ሽንት ቤት ገብቶ ያለቅሳል። እሷን ግን ያስደነገጣት የነገሩ ስድብነት ሳይሆን እውነት መምሰሉ ነው። መሙላት ምን እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? የከተማው ውሃ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት አራቱም ግድግዳው እስከ ጣራው መደርደሪያ ነው። መደርደሪያው የደንበኛ ማህደር ጠጥቶ ጠጥቶ ወገቡ ጎብጧል። አንድ አዲስ ማህደር እንዲገባ ከፈለጉ አንድ አሮጌ መውጣት አለበት። በዓመት ሁለት ጊዜ እትዬ ፋይል መሰላል ላይ ትወጣለች፣ ያለቀላቸውን ትለያለች፣ በዝርዝር ትጽፋለች፣ ከዚያም በቀይ ቀለም «ይወገድ» የሚለውን ማኅተም ታሳርፍባቸዋለች። እውነተኛ ስሟን ከመታወቂያዋ በቀር የሚያስታውሰው የለም። የማንም ሰው ጉዳይ ሲጠፋ «እትዬ ፋይልን ጠይቁ» ይባላል፤ እሷም ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች «ከመስኮቱ አጠገብ፣ ሦስተኛው ደርብ፣ ጀርባው የተቀደደው» ትላለች። ተሳስታም አታውቅ።

ችግሩ የመጣው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። መሥሪያ ቤቱ ሁሉንም ጉዳይ በኮምፒውተር ሊያደርግ ሆነና አርባ ዓይነት ጉዳይ፣ አርባ ቁጥር የያዘ ወረቀት ታደለ። ቧንቧ የፈነዳበት ሰው ሲመጣ እንደ ድሮው «አይዞዎት፣ የት ሰፈር ነው?» ማለት ቀርቶ «ሃያ ሦስት» ተብሎ ይመዘገባል። የቆጣሪ ስም ማዛወር አሥራ ሰባት ነው። ሠራተኛው ሁሉ ሊፈተን ነው፤ ከአርባው ሠላሳውን ያላገኘ መዝገብ ቤቱን ይለቃል። ፈተናው ደግሞ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እትዬ ፋይል አልሰነፈችም። ወረቀቱን አውቶቡስ ላይ አንብባዋለች፣ ምድጃ አጠገብ አንብባዋለች፣ አልጋዋ ላይ አንብባዋለች። በቢጫ ማድመቂያ ቀለምም መጀመሪያ ከባድ ከባዱን ቀለመችው፣ ቀጥላ ከከባዱ ለጥቆ የሚከብደውን፣ በመጨረሻ ነጭ ሆኖ የቀረ መስመር ስለጠፋ ወረቀቱ ጉበቱን የታመመ ሰው መሰለ። ስታነበው ሁሉንም ታውቀዋለች። ወረቀቱን ስታጥፈው ግን እውቀቷም አብሮ ይታጠፋል።

«ለካስ ሞልቶ ነው» አለች ለራሷ፤ ኮቷን አውልቃ ሰቀለችና እንደ ደንቡ ወደ ሥራ ገባች። ንጹሕ ወረቀት አወጣች፣ በማስመሪያ መስመር አሰመረች፣ አናቱ ላይ «ከጭንቅላት የሚወገዱ» ብላ ጻፈች፤ ቀን አልረሳች፣ ተራ ቁጥር አልረሳች። ተራ ቁጥር አንድ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የተዘጋው የሳሙና ፋብሪካ የፋይል ቁጥር ሆነ። ቁጥሩን ስትጽፍ የፋብሪካው ዘበኛ የወርቅ ጥርሱን ብልጭ አድርጎ ትዝ አላት፤ ከዘበኛው በኋላ የሳሙናው ሽታ መጣ፤ ከሽታው በኋላ ሥራ አስኪያጁ በንዴት ጠረጴዛዋን የደበደበበት ቀን መጣ። «ይወገድ» የሚለውን ማኅተም አሳረፈችበት። ፋብሪካው ግን ጭራሽ እንደ አዲስ ሥራ የጀመረ ይመስል ጭንቅላቷ ውስጥ ጭሱን ያትጎለጉል ጀመር።

ተራ ቁጥር ሁለት የስድስተኛ ክፍል የስም ጥሪ ነው። ያኔ የክፍል አለቃ ነበረችና የአርባ ሦስት ተማሪ ስም ጠዋት ጠዋት በተራ ትጠራ ነበር። ከአርባ ዓመት በላይ ያለፈው የስም ጥሪ ለምን ይጠቅማታል? ቦታ መያዝ ብቻ! ልታስወጣው ስትሞክር ከንፈሯ ራሱን ችሎ ከአንድ እስከ አርባ ሦስት ሳያዛንፍ ወረደው፤ የሁሉም «አቤት!» ከነድምፁ፣ አቅጥኖ የሚለው፣ አጉረምርሞ የሚለው፣ ከጓደኛው ጀርባ ተደብቆ የሚለው ሁሉ መጣ። እሱንም ማኅተም መታችበት። ከዚያ የድሮው ሥራ አስኪያጅ የመኪና ሰሌዳ፣ ከዚያ የኖረችባቸው ቤቶች ቁጥር፣ ከዚያ አሁን የሌለ የቤት ስልክ ቁጥር እየተባለ ዝርዝሩ ወደ ታች ወረደ። ተራ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ላይ ግን እስክሪብቶው ቆመ። «ቁም ሳጥኑ» ብላ ጻፈችና ማኅተሙን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። እሱስ ይቅር። እሱ ገና ያላለቀ ጉዳይ ነው።

የቁም ሳጥኑ ነገር እንዲህ ነው። እትዬ ፋይል የምትኖረው ከታላቅ እህቷና ከእህቷ ባል ጋር፣ ከእናታቸው በወረሱት ባለ ሦስት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ቤቱ ሲታደስ በሩ ጠበበና የእናታቸው ባለ መስታወት ቁም ሳጥን አላልፍ አለ። እትዬ ፋይል ማታ ከሥራ ስትመለስ ቁም ሳጥኑ የለም፤ እህቷ ለጎረቤት ሰጥታዋለች። ሳትጠይቃት! እትዬ ፋይልን ያንገበገባት ይህች «ሳትጠይቀኝ» የምትለዋ ቃል ናት። እንጨቱ እንጨት ነው፤ መስታወቱም ጥጉ ላይ ተሰንጥቆ ነበር። ግን እንደ ሰው መጠየቅ የለም እንዴ? በዚያው ቀን አኮረፈች። ታላቂቱም የምትለማመጥ ሴት አይደለችምና አጸፋውን አኮረፈች። ይኸው ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ጣራ ሥር እየኖሩ፣ አንድ ማዕድ እየቀረቡ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም።

በመካከላቸው ያለው የእህቷ ባል ነው። ሰውየው ሰዓት ሠሪ ነው፤ የሚሠራው እዚያው ሳሎን፣ መስኮቱ ሥር ባለች ጠረጴዛ ላይ ነው። ዋና ሥራው ግን ማስተርጎም ከሆነ ሰንብቷል። እህቷ «ጨው ታቀብለኝ በላት» ትለዋለች። እሱም ወደ እትዬ ፋይል ዞሮ «ጨው ታቀብለኝ ትላለች» ይላል። ሁሉም እዚያው፣ ክንድ ለክንድ እየተነካኩ ነው ታዲያ። ከጊዜ በኋላ ሙያውን አሻሽሎ እሾሁን እያወለቀ ማስተላለፍ ለመደ። አንዷ «ያቺ ግትር ብርጭቆዋን ታንሳ በላት» ስትል እሱ ጣራ ጣራውን እያየ «ብርጭቆ ተረስቷል መሰለኝ» ይላል። የሚገርመው የታላቂቱ ሥራ ነው። ነርስ ናት፤ የምትሠራውም ስትሮክ መትቷቸው ቃል የጠፋባቸው ሰዎች በሚተኙበት ክፍል ነው። ማንኪያ እያሳየች «ይሄ ምን ይባላል?» ትላቸዋለች፤ «ማ… ማ…» እስኪሉ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ዲዳ የሆነን ሁሉ ታናግራለች፤ እህቷን ብቻ አታናግርም።

ስድስት ሰዓት ሲሆን እትዬ ፋይል ዝርዝሩን አየችው። አሥራ ዘጠኝ ነገር ጽፋ አንዱም አልተወገደም፤ እንዲያውም ሁሉም በአንድ ላይ ጭንቅላቷ ውስጥ ገበያ አቁመዋል። ቢጫውን ወረቀት ከድና ራሷን ብትፈትሽ ከአርባው አራት አስታወሰች። ከግድግዳው ማዶ ወንበር ሲጎተት ሰማች፤ ወደ በሩ እየተወሰደ ነው። በሩ ላይ ነፋስና አቧራ እየጠጣች፣ የገቢ የወጪውን ስም እየጻፈች ስትውል ታያት። ሃያ ስድስት ዓመት ስሟን አስረስቶ ፋይል ያሰኛትን ክፍል ለዚያ ልትለቅ ነው። እዚህ ላይ ኩራቷን ዋጠችና የጠረጴዛዋን ስልክ አነሳች። ያው የድሮው፣ ባለ ጥምዝምዝ ገመዱ ጥቁር ስልክ ነው። ስታወራ ሁልጊዜ እንደምታደርገው ክርኗን የብረት ሳጥኑ ላይ አስደግፋ ቆመች። እህቷ አዳር ገብታ ስለነበር ዛሬ ቤት ናት። ስልኩን ያነሳው ግን ሰዓት ሠሪው ነው።

«ጋሼ፣ ሚስትህን አንድ ነገር ጠይቅልኝ። ጭንቅላት ይሞላል ወይ በላት።»

«ምን ይሞላል?»

«ጭንቅላት! የሰው ጭንቅላት። ሞልቶ አዲስ ነገር አልቀበል ይላል ወይ በላት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፈተና አለብኝ።»

ሰዓት ሠሪው መነጋገሪያውን በእጁ ከደነ፤ ቢሆንም ሁሉም ይሰማል። ተመልሶ «ማነው እንዲህ ያለው ትላለች» አለ። አለቃዬ ነው ስትለው እንደገና ከደነ፤ አሁን የእህቷ ድምፅ ከፍ አለ፤ ባሏም ማስተላለፉን ቀጠለ። «አለቃሽ የራሱ ባዶ ስለሆነ… ማለቴ፣ አይመስለኝም ትላለች። አንጎል መደርደሪያ አይደለም ትላለች። ውስጡ ያሉት ሴሎች… ምን ያደርጋሉ? … ይያያዛሉ። እጅ ለእጅ ይያያዛሉ ትላለች። ብዙ የያዘ አንጎል አዲሱን የሚሰቅልበት ብዙ ቦታ አለው። ደግሞ አንድን ነገር ደጋግመሽ ስታስገቢው ሳይሆን ደጋግመሽ ስታወጪው ነው የሚጠነክረው ትላለች። ምኑን ነው የሚያወጡት? … ቆይ አታጣድፊኝ… በሩን ዝጊው ትላለች።»

«የቱን በር?»

«የመሥሪያ ቤቱን መሰለኝ። ዝጊና ውጪ…»

ስልኩ ተንኳኳ፣ ተንኮሻኮሸ፣ የሆነ ነገር ወደቀ። ከዚያ ጆሮዋን ሊበጥስ የደረሰ ድምፅ መጣ። «ወረቀቱን ነው ያልኩት! ወረቀቱን!»

በስድስት ዓመት ውስጥ ከእህቷ አፍ በቀጥታ የሰማችው የመጀመሪያ ቃል «ወረቀቱን» ሆነ። ከጀርባ ሰዓት ሠሪው «ሃሎ በያት እንጂ፣ ሴትዮ!» ሲል ይሰማል። እህቷ ጉሮሮዋን ጠረገች። በመጨረሻ ለሕመምተኛ የምታወጣውን ረጋ ያለ ድምፅ አወጣችና «ሥራ ላይ ነሽ?» አለቻት።

ያው ስልክ፣ ያው ብረት ሳጥን ክርኗን እያቀዘቀዛት፣ ያው ድምፅ፣ ያው ጥያቄ፤ እትዬ ፋይል ከስድስት ዓመት በፊት በነበረችበት ቦታ ቆማ ተገኘች። ያኔ በግራ እጇ ማህደር ይዛለች፣ ሰው ተሰልፎ ይጠብቃታል፣ እህቷ በስልክ «ሥራ ላይ ነሽ? ቁም ሳጥኑ አላልፍ አለ፤ ለጎረቤት ብንሰጠው ምን ይመስልሻል?» ትላታለች። እሷም ማህደሩን እያገላበጠች «እንደፈለግሽ አድርጊው፤ ሥራ ላይ ነኝ» ትላለች፣ ስልኩንም ትዘጋለች። ስድስት ዓመት ሙሉ ስታገላብጠው የኖረችው ፋይል አንድ ገጽ ጎድሎት ኖሯል። ተጠይቃ ነበር። ሰውነቷን እፍረት አጋላት፤ ተሳስታ የማታውቀው ሴት።

እህቷ ዝምታውን ማዳመጥ መስሏት ቀጠለች። «ወረቀቱን ገልብጪው። ሳታዪ ራስሽን ጠይቂ። መሳሳት አትፍሪ፤ ተሳስተሽ ያረምሽው ነው የሚቀረው። ከዚያ ተነስተሽ ትንሽ ተንቀሳቀሺ፣ ሌላ ሥራ ሥሪ፣ ሊጠፋብሽ ሲል ተመልሰሽ እንደገና ጠይቂ። ቁጥሩን ደግሞ ሜዳ ላይ አትበትኚው። የማይጠፋብሽ አሮጌ ነገር ካለ እሱ ላይ አንጠልጥዪው። የማይጠፋብሽ ነገር አለሽ?»

«አለኝ» አለች እትዬ ፋይል።

«በይ ምሳሽን ብዪ» አለችና ዘጋችው።

እትዬ ፋይል የምታስበውን ሁሉ ለማታ አሳደረችው፤ አሁን ፈተና አለ። የሚወገዱትን ዝርዝር ስታየው ዓይኗ ቀዩ ማኅተም ያረፈበት ተራ ቁጥር ሁለት ላይ ተተከለ። አርባ ሦስት ልጆች፣ በተራ፣ ከነድምፃቸው። አርባ ጉዳይ። ሦስት ልጅ ተረፈ ማለት ነው! በስም ጥሪው ሃያ ሦስተኛው ልጅ አልቃሻው ነበር፤ ሲያዩት ቧ ይላል። ቧንቧ ፈነዳ፣ ሃያ ሦስት። አሥራ ሰባተኛዋ ልጅ በየዓመቱ ስሟን እየቀየረች መምህራኑን ታሳብድ የነበረችው ናት፤ የስም ዝውውር። ስምንተኛው ልጅ ቢገፉትም ቢጎትቱትም የማይንቀሳቀሰው፤ የቆመ ቆጣሪ። ሠላሳ አንደኛዋ አንድ ወንበር ላይ ከእህቷ ጋር እየተቀመጠች ጠዋት ማታ የምትጣላው፤ የጋራ ቆጣሪ አለመግባባት። እዚህች ላይ እትዬ ፋይል ትንሽ ቆም አለችና አለፈች። ስትሳሳት ወረቀቱን ገልጣ ታርማለች፣ ተነስታ ማህደር ታደርሳለች፣ ኮሪደሩን ዳር እስከ ዳር ሄዳ ትመለሳለች፣ ከዚያ እንደገና ስም ትጠራለች። ኮሪደሩን የምታጸዳው ሴት መወልወያዋን አቁማ «እትዬ፣ ደህና ነዎት?» ብትላት «ሃያ ሦስት እኮ አልቃሻ ነበር» ብላት አለፈች። ሴትዮዋ መንገዱን ለቀቀችላት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም ስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ኮምፒውተር ፊት ተደረደረ። ኃላፊውም ምሳሌ ልሁን ብሎ ከፊት ተቀምጧል። ወረቀቱን ያየው ትናንት ማታ ነው፤ እንቅልፍ ሳያይ ሲያነብ አድሮ ዓይኑ በርበሬ መስሏል። እትዬ ፋይል ጥያቄው በመጣ ቁጥር ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ስም ትጠራለች፤ ልጁ «አቤት!» ሲል ቁጥሩን ትነካለች። ውጤቱ እዚያው ግድግዳው ላይ ወጣ። ሠላሳ አምስት። ያመለጧትን አምስቱን ስታይ ሳቋ መጣ፤ ሁሉም ከክፍል በብዛት ይቀሩ የነበሩ ልጆች ቁጥር ናቸው። ኃላፊው ሃያ ሁለት አገኘ። መጀመሪያ ማሽኑ ተሳስቷል አለ። ፈተናውን ያዘጋጀው የኮምፒውተር ባለሙያ ጫማውን ማየት ሲጀምር ደግሞ ጉሮሮውን ጠርጎ ፈተናው ለኃላፊዎች ግንዛቤ ማስጨበጫ ብቻ እንደነበር አስታወቀ። ማንም አልሳቀም፤ ሁሉም ሳቁን ወደ ኮሪደሩ ይዞት ወጣ። እትዬ ፋይል ወደ ቤቷ ስትሄድ ያቺ ጠረጴዛ ከነወንበሯ በሩ ላይ ቆማለች። አልፋት ሄደች።

ደስ ሊላት ሲገባ አውቶቡሱ ውስጥ ሆዷ ባባ። ፈተናው እኮ ቀላሉ ነበር። ይቺን የቁም ሳጥኑን ነገር ሳትናገር ብትተዋት ማንም አያውቅባትም፤ አፏን ይዛ ስድስት ዓመት የኖረች ሌላ ስድስት ዓመት አያቅታትም። ግን አንዴ ትዝ ያላትን ነገር ከጭንቅላቷ ማስወገድ እንደማትችል ዛሬ ጠዋት አሥራ ስምንት ጊዜ ሞክራ አይታዋለች።

ማዕዱ ላይ ሦስቱም እንደ ወትሯቸው ተቀመጡ፤ ሰዓት ሠሪው መሃል። ሾርባው ቀረበ። እህቷ ሳህኗን እያየች ለባሏ አጉረመረመች። የቀኑ የስልክ ወሬ በቀን ቀርቷል፤ ኩርፊያው ወደ ቦታው ተመልሷል። «ፈተናውን አለፍሽ ወይ ትላለች» አለ ሰዓት ሠሪው።

«ሠላሳ አምስት አግኝታለች በላት።»

«ሠላሳ አምስት…» ብሎ ሲጀምር እትዬ ፋይል ማንኪያዋን አስቀመጠችና በእሱ ትከሻ ላይ አሻግራ እህቷን አየቻት። «ጠይቀሽኝ ነበር» አለች። ሰዓት ሠሪው ሊያስተላልፍ ወደ ሚስቱ ዞረ፣ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። «ስለ ቁም ሳጥኑ። በስልክ ጠይቀሽኝ ነበር። እንደፈለግሽ አድርጊው ያልኩሽ እኔ ነኝ። ዛሬ ነው ትዝ ያለኝ። በድዬሻለሁ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

መስኮቱ ሥር ያሉት ሰዓቶች ብቻ ቀጭ ቀጭ አሉ፤ አንዳቸውም ከሌላው ጋር ሳይስማሙ።

«አውቃለሁ» አለች እህቷ።

«ታውቂያለሽ? ታዲያ ስድስት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለሕመምተኛ ቃሉን አቀብለሽ አትሰጪውም። ብትሰጪው ይደግምልሻል እንጂ አይይዘውም። ራሱ እስኪያገኘው ነው የሚጠበቀው።»

«ስድስት ዓመት?»

«እንዳንቺ ያለ ከባድ ሕመምተኛ ገጥሞኝ አያውቅም» አለች እህቷ። «ደግሞስ እኔም አኩርፌያለሁ። ሰው አይደለሁም እንዴ?»

እትዬ ፋይል ልትስቅ ስትል እንባዋ ቀደማት፤ እህቷም ዓይኗን በመዳፏ ጠረገችና እንደ ልማዷ ወደ ባሏ ዞረች። «ጨው ታቀብለኝ በላት።»

ሰዓት ሠሪው ቀና ሳይል ሾርባውን ፉት አለ። «ራስሽ በያት። እኔ ዛሬ ጡረታ ወጥቻለሁ።»

እህቷ ትንሽ ተቁነጠነጠች። ከዚያ «ጨው አቀብዪኝ» አለች፤ በቀጥታ። የጨው ብልቃጡ የነበረው እዚያው በራሷ በእህቷ ክርን ሥር ነው። እትዬ ፋይል ተነሳች፣ ጠረጴዛውን ዞረች፣ ብልቃጡን አንስታ እጇ ላይ አስቀመጠችላት።